የትምህርት ቤት ታጋይ ውርስ በምን ይመዘናል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




 የመረጥሁት ርእስ ለመምህራን ጉባኤ ሳይሆን ለጋዜጣ የስፖርት ዐምድ የሚስማማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምናገለግል የኢትዮጵያ ተወላጅ መምህራን፣ ዛሬ ባይሆን ነገ፣ በትምህርት ቤታችን የክብር ሰሌዳ አስመራጭ ኮሚቴ ውስጥ እንገባና፣ «ከቀድሞ ተማሪዎቻችን መካከል ስሙ በዚህ ግድግዳ ላይ ሊቀረጽ የሚገባው የትኛው ነው?» ተብለን መጠየቃችን አይቀርም። እኔ በዚህ ዓይነት ኮሚቴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጫለሁ። አንድ ጊዜም ከባድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምናገረው ከዚያ ስሕተት የተማርሁትን ነው።

አስቀድሜ ሁለት ነገሮችን ላስታውቅ። አንደኛ፣ «ታጋይ» የሚለውን ቃል ስንሰማ የብዙዎቻችን ልብ ወደ ጫካና ወደ ጠመንጃ ይሄዳል። እኔ የምለው ግን በምንጣፍ ላይ ከእኩያው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚታገለውን ተማሪ ነው። ሁለተኛ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የትግል ስፖርት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ልዩ ስፍራ አለው። በእግር ኳስ ወይም በቅርጫት ኳስ ሜዳ አንድ ልጅ ቢሳሳት ስሕተቱን ጓደኛው ሊሸፍንለት ይችላል። በትግል ምንጣፍ ላይ ግን ልጁ ብቻውን ነው። ግጥሚያው ሁለት ሁለት ደቂቃ በሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜያት፣ በድምሩ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያች ስድስት ደቂቃ ውስጥ ወላጆቹ፣ መምህራኑና ጓደኞቹ ሁሉ እያዩት ያሸንፋል፤ ወይም ይሸነፋል። ስለዚህም ውጤቱ በሰው ኅሊና ውስጥ ጠልቆ ይቀራል። በአንዳንድ ትንንሽ ከተሞች ከብዙ ዓመታት በፊት የክፍለ ግዛቱ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ዛሬ ጸጉሩ ሸብቶ እንኳ በገበያ ሲያልፍ «እርሱ እኮ ነው!» ይባልለታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ልጅ በምን እንመዝነው? በኮሚቴዎች ዘንድ የለመድናቸው መመዘኛዎች ሁለት ናቸው። ሁለቱም ጥቅም ቢኖራቸውም ሁለቱም ያታልላሉ።

የመጀመሪያው መመዘኛ ቍጥር ነው። ስንት ጊዜ አሸነፈ? ስንት ጊዜ ተሸነፈ? ስንት ጊዜ የክፍለ ግዛት ሻምፒዮን ሆነ? ቍጥር ከአድልዎ የጸዳ ይመስላልና ኮሚቴ ይወደዋል። የታላላቆቹ ታጋዮች ታሪክ ግን ቍጥር ብቻውን ምስክር ሊሆን እንደማይችል ያስረዳል።

በአዮዋ ክፍለ ግዛት በዋተርሉ ከተማ በዌስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረው ዳን ጌብል በትምህርት ቤት ዘመኑ 64 ግጥሚያዎች አድርጎ አንድም አልተሸነፈም፤ ሦስት ጊዜም የክፍለ ግዛቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ኬል ሳንደርሰን ደግሞ በዩታ ክፍለ ግዛት አራት ጊዜ ሻምፒዮን ቢሆንም፣ በሁለተኛ ደረጃ ዘመኑ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል። በቍጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ጌብልን ያስቀድማል። ነገር ግን ሁለቱም ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ አዮዋ ስቴት፣ በገቡ ጊዜ ፍርዱ ተገለበጠ። ጌብል በ1970 በመጨረሻው የኮሌጅ ግጥሚያው በላሪ ኦዊንግስ 13 ለ 11 ተሸነፈ። ሳንደርሰን ግን እስከ 2002 ድረስ 159 ጊዜ ታግሎ 159 ጊዜ አሸነፈ። በትምህርት ቤት የተሸነፈው በኮሌጅ የማይሸነፍ ሆነ፤ በትምህርት ቤት ያልተሸነፈው በኮሌጅ ሽንፈትን ቀመሰ።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ጆርዳን በሮውስ በኒው ጀርዚ የክፍለ ግዛት ሻምፒዮና ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በመጨረሻው የትምህርት ዘመኑ ነበር። በዚያው ክፍለ ግዛት ከእርሱ የበለጠ ሜዳልያ የሰበሰቡ ብዙ ልጆች ነበሩ። ይኸው ወጣት ግን በ2012 በለንደን የኦሎምፒክ ወርቅ፣ ከ2011 እስከ 2022 ባለው ጊዜም ስድስት የዓለም ሻምፒዮናዎችን አገኘ። በ17 ዓመቱ ቍጥሩን ብቻ አይተን ሰሌዳውን ብንዘጋበት ኖሮ ምን ያህል ተሳስተን ነበር!

ይህን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያው እንቆይና በኋላ ባገኘው ክብር እንፍረድ» ሊል ይችላል። ሁለተኛው መመዘኛ ይኸው ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኝ ነበር። ሆኖም ይህም የራሱ ጕድለት አለው።

በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በቻርደን ያደገውን ሊ ኬምፕን እናስብ። ትግል የጀመረው በዘጠነኛ ክፍል ነው። በ1975 ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለ ዳን ጌብልን ራሱን አሸነፈ። በ1978ና በ1979 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለሞስኮው የ1980 ኦሎምፒክም የአገሩ ተወካይ ለመሆን በቃ። ነገር ግን አሜሪካ ከዚያ ኦሎምፒክ ቀረች። ኬምፕ በ1982 እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም በኦሎምፒክ ምንጣፍ ላይ ሳይቆም የትግል ዘመኑ አለፈ።

ይህ ሕመም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ካገኘ በኋላ፣ በ1976 አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ከሞንትሪያል በመቅረቷ ሌላ አራት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። ምሩጽ በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ባጠለቀበት በዚያው ኦሎምፒክ ኬምፕ ከአገሩ እንዳይወጣ ሆነ። የአንዱ በር ሲከፈት የሌላው ተዘጋ፤ በሩን የከፈቱትም የዘጉትም መንግሥታት እንጂ ስፖርተኞቹ አልነበሩም። እንግዲህ የአንድን ልጅ ውርስ በኋለኛ ክብሩ እንመዝን ካልን፣ ስለ እርሱ የምንፈርደው እኛ መሆናችን ይቀርና ዕድልና ፖለቲካ ይፈርዱበታል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ነገርም አለ። በኋለኛ ክብር ብቻ የምንፈርድ ከሆነ፣ ከትምህርት ቤት በኋላ ዳግመኛ ምንጣፍ ላይ ያልቆሙትን፣ ይኸውም እጅግ የሚበዙትን ልጆች፣ ከመጀመሪያው ከሚዛኑ አወጣናቸው ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ዘመናቸው ለሌላ ነገር መሰላል ብቻ ይሆናል። እኛ ደግሞ መምህራን ነን። አንድ ልጅ በ17 ዓመቱ የሠራው ሥራ በራሱ ዋጋ እንዳለው ካላመንን በክፍል ውስጥ መቆማችን ምን ትርጕም አለው?

እነሆ የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ይመጣል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ትምህርት ቤት የትግል ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ነበርሁ። በቡድኑ ውስጥ ብርቱ ልጅ ነበረ። በተፈጥሮ ክብደቱ ቢታገል ጥሩ ተወዳዳሪ ይሆን ነበር፤ ዝቅ ባለው የክብደት ምድብ ቢገባ ግን ሻምፒዮን እንደሚሆን እርሱም እኛም አወቅን። ስለዚህ ከግጥሚያ በፊት ምግብ ይተዋል፤ ውኃም ይተዋል። የላስቲክ ልብስ ለብሶ በሞቀ ክፍል ውስጥ ይሮጣል። ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጐድጕዶ ሚዛኑ ላይ ሲወጣና ልኩን ሲመታ እናጨበጭብለት ነበር። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው እኔ ነበርሁ። እኔ ያደግሁት ጾም በሚከበርበት ቤት ነውና ልጁ ራሱን ሲገዛ ማየቴ ደስ አሰኘኝ። ጾም ለነፍስ እንደሆነ፣ ይህኛው ግን ለአንድ ሜዳልያ ሲባል በሚያድግ አካል ላይ የሚፈጸም ጭካኔ እንደሆነ መለየት ተሳነኝ። ልጁም የክፍለ ግዛቱ ሻምፒዮን ሆነ።

በ1997 መጨረሻ፣ ከአንድ ወር ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት የአሜሪካ ኮሌጅ ታጋዮች በዚሁ መንገድ ክብደት ሲቀንሱ ሞቱ። ኮሌጆች ሕጋቸውን ወዲያውኑ ለወጡ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ዘግይተው፣ ከ2006 የትምህርት ዘመን ጀምሮ፣ የልጁ የሰውነት ውኃ እንዲመረመርና ከሰውነቱ ስብ ለወንድ ከ7፣ ለሴት ከ12 ከመቶ በታች በሚያደርስ ክብደት እንዳይታገል በመላ አገሪቱ ደነገጉ። እኔም ያነበብሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ አዘንሁ። ከራሴ ጭብጨባ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ከዓመታት በኋላ የዚያ ልጅ ስም ለክብር ሰሌዳ ሲቀርብ የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የድሎቹን ቍጥር ከዘረዘርሁ በኋላ፣ «በቍርጠኝነቱና ራሱን በመግዛቱ ለታናናሾቹ አርአያ የሆነ» ብዬ ጨመርሁ። ኮሚቴውም በሙሉ ድምፅ ተቀበለው። በበዓሉ ቀን፣ አሁን ጎልማሳና የልጆች አባት የሆነው ያ ሰው ተነሥቶ አመሰገነ። ከዚያም ድምፁን ሳያነሣ እንዲህ አለ፦ «ለታናናሾቼ አርአያ እንደሆንሁ ተነቧል። እውነት ነው። ከእኔ በኋላ የመጡ ሁለት ልጆች ውኃ መጠጣት ያቆሙት እኔን አይተው ነው። አንደኛው ታሞ ስፖርቱን ለዘለዓለም ተወ። እርሱም ዛሬ እዚህ ቢጠራ ደስ ይለኝ ነበር።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እርሱ ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን የተናገረው ስለ ማን እንደሆነ ዐውቄአለሁ፤ ታናናሾቹ እርሱን አይተው እንደሆነ፣ እርሱ ደግሞ የእኔን ጭብጨባ ሰምቶ ነበርና።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ «ውርስ» የምንለው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ በዚያች ሌሊት ነው። ውርስ አንድ ሰው ያገኘው ነገር አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ በሌሎች እጅ የሚገኘው ነው። በሌሎች እጅ የሚገኘው ደግሞ መልካምም ክፉም ሊሆን ይችላል። ሜዳልያው በባለቤቱ ቤት ይቀራል። ወደ ሌላው የሚያልፈው አሠራሩ፣ ልማዱ፣ ከተሸናፊ ጋር የተጨባበጠበት መንገድ ነው።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ታላላቆቹ ስንመለስ ታሪካቸው በሌላ ብርሃን ይታያል። ጌብል ከ1970ው ሽንፈት በኋላ በ1972 በሙኒክ አንድም ነጥብ ሳይቈጠርበት የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። ነገር ግን ዛሬ በአዮዋ የልምምድ ክፍሎች ውስጥ ያለው የእርሱ ነገር ወርቁ አይደለም። እስከ 1997 ባሠለጠነበት ዘመን የአዮዋ ዩኒቨርሲቲን ለ15 ብሔራዊ የቡድን ሻምፒዮናዎች አብቅቷል፤ ከእርሱ ሥር የወጡትም በተራቸው አሠልጣኞች ሆነዋል። ሳንደርሰንም በ2004 በአቴንስ ወርቅ ካገኘ በኋላ በፔን ስቴት አሠልጣኝነት ከአሥር በላይ የቡድን ሻምፒዮናዎችን ያስገኘ መምህር ሆኗል።

የዴቭ ሹልትዝን ታሪክ ደግሞ ልብ እንበል። በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1984 በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። ሩስያኛ ተምሮ ከሶቪየት ታጋዮች ጋር ወዳጅነት የመሠረተ፣ የሚያውቀውን ነገር ለነገው ተጋጣሚው እንኳ ሳይሰስት የሚያሳይ ሰው ነበር። በጥር 1996 ተገደለ። በዚያው ዓመት በኦክላሆማ በስቲልዋተር የሚገኘው ብሔራዊ የትግል ስፖርት የዝና አዳራሽ የላቁ የሁለተኛ ደረጃ ታጋዮችን የሚሸልምበትን ሽልማት በስሙ አቋቋመ። መመዘኛውም የትግል ውጤት ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ውጤት፣ መልካም ዜግነትና ለኅብረተሰብ የተሰጠ አገልግሎት አብረው ይታያሉ።

ለሴት ተማሪዎች የተቋቋመው ተመሳሳይ ሽልማት ደግሞ በትሪሻ ሳውንደርስ ስም ተሰይሟል። ሳውንደርስ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ናት። ነገር ግን በእርሷ የሁለተኛ ደረጃ ዘመን ለሴቶች ልጆች የተዘጋጀ የክፍለ ግዛት ሻምፒዮና ፈጽሞ አልነበረም፤ የመጀመሪያው በሃዋይ የተካሄደው በ1998 ነው። የሴቶች ትግል ወደ ኦሎምፒክ የገባውም በ2004፣ የእርሷ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። በቍጥር ሚዛን ብንሄድ በዚያ የትምህርት ቤት መዝገብ ስሟ የሚጻፍበት ስፍራ አልነበረም። ዛሬ ግን በየክፍለ ግዛቱ ምንጣፍ ላይ የሚወጡ ልጃገረዶች በእርሷ ስም ይሸለማሉ። ከዚህ የበለጠ ውርስ ወዴት ይገኛል?

ሽንፈትም ቢሆን ከውርስ ይቈጠራል። በአገራችን «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። በፔንሲልቬኒያ ሦስት ጊዜ የክፍለ ግዛት ሻምፒዮን የሆነው ስፔንሰር ሊ በሁለተኛ ደረጃ ዘመኑ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በ2017 በመጨረሻው የፍጻሜ ግጥሚያው። ምሳሩ ብዙ ነበር። ሊ ግን በኮሌጅ ብሔራዊ ሻምፒዮናውን ሦስት ጊዜ አሸንፎ፣ በ2024 በፓሪስ የኦሎምፒክ ብር አግኝቷል። ይህን የምጠቅሰው ለብሩ ስል አይደለም። ያን ዕለት በመቀመጫዎቹ ላይ የነበሩት ታናናሾች ታላቁ ልጅ ሲወድቅ አይተዋል፤ በኋላም ሲነሣ አይተዋል። ከማይሸነፍ ሰው ሊማሩት የማይችሉትን ነገር ተምረዋል።

አሁን ወደ ሥራችን ልመለስ። የአንድ ታጋይ ስም በፊታችን ሲቀርብ ከድሎቹ መዝገብ ጋር ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛው፦ ከእርሱ ጋር በየዕለቱ ይለማመዱ የነበሩት ልጆች ምን ሆኑ? ብርቱ ሆኖ ሌላውን የሰበረ አለ፤ ብርቱ ሆኖ ሌላውን ያበረታም አለ።

ሁለተኛው፦ በተሸነፈ ማግሥት ምን አደረገ? ወደ ልምምድ ክፍል በሰዓቱ መጣን? የረታውን ልጅ በክብር ተሰናበተን?

ሦስተኛው፦ ታናናሾቹ ከእርሱ የቀዱት ነገር የራሳችን ልጅ እንዲቀዳው የምንወደው ነውን? ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ በጊዜው ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ያን ደብዳቤ አልጽፈውም ነበር።

ችግሩ እነዚህ ጥያቄዎች በማኅደር ውስጥ መልስ የሌላቸው መሆኑ ነው። መዝገባችን የሚያስቀምጠው ድልንና ሽንፈትን ብቻ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥና ንግግሬን ልደምድም።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው የልምምድ ክፍል፣ የሻምፒዮኑ የልምምድ ጓደኛ የሆነ ሌላ ልጅ ነበረ። ሻምፒዮኑ የሚሠራውን ሁሉ የሚሞክርበት በእርሱ ላይ ነው። በቀን መቶ ጊዜ ይወድቃል፤ መቶ ጊዜ ይነሣል። በራሱ ግጥሚያዎች ያሸነፈው ከተሸነፈው አይበልጥም ነበር። አንድ ምሽት ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ስንጋጠም እጅግ የሚበልጠው ልጅ ደረሰው። ትግልን የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ አንድ ታጋይ በተራ የነጥብ ብልጫ ቢሸነፍ ተቃራኒው ቡድን 3 ነጥብ ያገኛል፤ ትከሻው ምንጣፍ ነክቶ ቢሸነፍ ግን 6 ያገኛል። ልጁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች በአንገቱ ተደግፎ፣ ትከሻውን ከምንጣፉ አርቆ፣ እያቃሰተ አሳለፈ። ተሸነፈ፤ ግን አልተጣለም። በዚያ ምሽት ቡድናችን በ2 ነጥብ ብልጫ አሸነፈ። ትከሻው ነክቶ ቢሆን ኖሮ በ1 ነጥብ በተሸነፍን ነበር።

በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን «ተሸነፈ» የሚል አንድ ቃል ነው።

ይህ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ዐውቃለሁ። ሜዳልያ የለውም። በየክረምቱ ማታ ማታ በሰፈሩ የልጆች ማእከል ያለ ደመወዝ ትግል ያስተምራል። ልጆቹ ከልምምድ በፊት ውኃ እንዲጠጡ ቆሞ የሚጠብቅ እርሱ ነው። ይህንንም ያወቅሁት ያ ሻምፒዮን ነግሮኝ ነው፤ የራሱን ልጅ የሚልከው ወደ እርሱ ዘንድ ነውና።

የዚህ ሰው ስም እስከ ዛሬ በግድግዳው ላይ የለም። በሚመጣው ጸደይ ኮሚቴው ሲሰበሰብ አቀርበዋለሁ። ማስረጃው ምንድር ነው ቢሉኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም፤ ያኔ አልጻፍሁትምና። ምስክርነቴን ብቻ እሰጣለሁ። ስለዚህ እናንተን የምለምነው ይህን ነው፦ በየትምህርት ቤታችሁ የውጤት መዝገብ አጠገብ አንድ ሌላ ደብተር ይኑር። ማን ከማን ጋር እንደ ተለማመደ፣ ማን ታናሹን እንዳስተማረ፣ ማን ተሸንፎ በማግሥቱ ቀድሞ እንደ ተገኘ በዚያ ይጻፍ። በእኛም በኩል ማን ምን ላይ እንዳጨበጨበ ይጻፍበት። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈርዱት ባልደረቦቻችን ከእኔ የተሻለ ማስረጃ ይዘው እንዲቀመጡ ይረዳቸዋል።